የአጫጭር ቃላት ታሪክና የሞክሼ ፊደላት ምስክርነት

ቃል እንደ ሰው ነው፤ ቁመቱ ማጠሩ ዋጋውን አያሳንሰውም። በማናቸውም ቋንቋ ሕፃን አስቀድሞ የሚማራቸው፥ ሽማግሌም በመጨረሻ የማይረሳቸው ቃላት አጫጭሮቹ ናቸው። አፍ፥ እጅ፥ ደም፥ ስም፥ ቤት፥ ሞት የሚባሉት ቃላት እያንዳንዳቸው በሁለት በሁለት ፊደል ብቻ ይጻፋሉ፤ ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት ከሞላ ጐደል በነዚህ በስድስቱ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

ረጅም ቃል አንድ ፊደል ቢሳሳትበት በቀሩት ፊደላት ተደግፎ ይታወቃል። ባለ ሁለት ፊደሉ ቃል ግን አንዱ ፊደል ሲለወጥበት ግማሽ አካሉን ያጣል፤ ትርጕሙም ወዲያው ይዞርበታል። ስለዚህ የቋንቋን ምሥጢር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በአጫጭሮቹ ቃላት ቢጀምር መልካም ነው። በቃል መጫወትን የሚወዱ ሰዎችም፥ በሀገር ውስጥ ቢሆን በውጭ፥ ከጥንት ጀምሮ እነዚህን ቃላት አብዝተው ሲፈልጉ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዓለም ላይ ከታወቁት የቃል ጨዋታዎች አንዱ ስክራብል ነው። የጨዋታው ፈጣሪ አልፍሬድ ሞሸር በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራ አጥቶ ሳለ ጋዜጣ እየዘረጋ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል ምን ያህል ጊዜ እንደሚገኝ ቈጠረ። ብዙ ጊዜ ለሚገኘው ፊደል ጥቂት ነጥብ፥ እምብዛም ለማይገኘው ከፍ ያለ ነጥብ መደበለት። ጨዋታው ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በእንግሊዝኛው ጨዋታ «ኪው» የተባለው ፊደል 10 ነጥብ ያስገኛል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይህ ፊደል «ዩ» የተባለውን ፊደል አስከትሎ መሄድ ልማዱ ስለ ሆነ፥ «ዩ» ያልደረሰው ተጫዋች ይጨነቃል። ከዚህ ጭንቀት ከሚያወጡት አጫጭር ቃላት አንዱ «ቃት» ነው፤ ይኸውም በዐረብኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባው የጫት ስም ነው። ጤፍም እንዲሁ በሦስት የላቲን ፊደላት ተጽፎ ለጨዋታው ከተፈቀዱት ቃላት ተቈጥሯል። የሐረርጌ ገበሬ የሚተክለው ቅጠልና የጎጃም ገበሬ የሚዘራው እህል እንዲህ አድርገው በሩቅ ሀገር ሰሌዳ ላይ ነጥብ ሆነው ይቈጠራሉ።

ነገር ግን በዚያ ሰሌዳ ላይ ጤፍን የሚያኖረው ተጫዋች ጤፍ ምን እንደ ሆነ እንዲያውቅ አይገደድም። ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ መኖሩን ካወቀ ይበቃዋል። የዚህን ነገር ፍጻሜ ያሳየው የኒው ዚላንዱ ተወላጅ ናይጅል ሪቻርድስ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በቤልጅግ ሀገር በተደረገው የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ውድድር አሸናፊ ሆነ፤ ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም ነበር። ከውድድሩ በፊት በነበሩት ጥቂት ሳምንታት የፈረንሳይኛውን የቃላት መዝገብ በቃሉ አጥንቶ ነበርና፥ ፊደላቱን እንጂ ትርጕሙን ሳይዝ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በስጳንያ ግራናዳ ከተማ በስጳንኛው ውድድር ይህንኑ ደገመው። የማስታወስ ኀይሉ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ቃል ከትርጕሙ ተለይቶ ሲሄድ ጠጠር ሆኖ እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በኢትዮጵያ የቃል ጨዋታ ታሪክ መንገዱ የዚህ ተቃራኒ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቃልን ያለ ትርጕም ሊያነሣው አይችልም። በዋድላ፥ በጎንጅና በዋሸራ ስም የሚጠሩት የቅኔ ትምህርት መንገዶች በአቀራረባቸው ቢለያዩም፥ ሁሉም ተማሪውን የሚጀምሩት በግስ ነው። ተማሪው እያንዳንዱን የግእዝ ግስ ከነትርጕሙና ከነእርባታው ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየዕለቱ ዐዲስ ቅኔ እየቈጠረ ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩም የሚጠይቀው ቃሉ ይገኛል ወይ ብሎ አይደለም፤ ሰሙ ምንድን ነው፥ ወርቁስ ምንድን ነው ብሎ ነው። ኅብር የተባለው የቅኔ መንገድ ደግሞ አንዱ ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት ትርጕም እንዲሰጥ የሚያደርግ በመሆኑ፥ ተማሪው አጫጭሮቹንና መንታ ትርጕም ያላቸውን ቃላት እንደ ዕንቍ እየለቀመ ያከማቻል።

እነዚህ ቃላት ከየት መጡ ቢባል፥ ብዙዎቹ የተወለዱት ከቋንቋው ለውጥ ነው። ግእዝ በጕሮሮ የሚነገሩ ድምፆችን አጥብቆ የያዘ ቋንቋ ነበር፤ ዐማርኛ ግን እነዚህን ድምፆች በጊዜ ብዛት ጣላቸው። ስለዚህ በግእዝ ሦስት ፊደል የነበረው ግስ በዐማርኛ ወደ ሁለት ወረደ። ሰምዐ ሰማ፥ በልዐ በላ፥ ገብአ ገባ፥ መጽአ መጣ፥ ረስዐ ረሳ፥ በዝኀ በዛ፥ ጸሐፈ ጻፈ ሆነ። የቃሉ ቁመት ሲያጥር ግን በፊት ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ቃላት በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ «ሳለ» የሚለው ቃል ነው። ሠዓሊ ሥዕል ሣለ ይባላል፤ ጕንፋን የያዘው ሰው ሳለ ይባላል፤ ገበሬ ማጭዱን ሳለ ይባላል፤ ደግሞም ጠብቆ ሲነገር ሰውየው በቤቱ ሳለ ይባላል። የመጨረሻው ከ«አለ» የተገኘ ሲሆን፥ ሦስቱ ግን በግእዝ ሦስት ልዩ ልዩ ግሶች ነበሩ። ሥዕልን የሚመለከተው በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ሠዐለ ተብሎ፥ ሳልን የሚመለከተው በእሳቱ ሰ ሰዐለ ተብሎ፥ ስለትን የሚመለከተው በሐመሩ ሐ ሰሐለ ተብሎ ይጻፋል። በጎንደር ዘመን ታሪክ ራስ ሚካኤል «ስሑል» መባላቸው ከዚሁ ከመጨረሻው ግስ የወጣ ሲሆን፥ የተሳለ፥ ብልኅ ማለት ነው። ከነዚህም አጠገብ በአልፋው አ የሚጻፈው ሰአለ ማለት ለመነ፥ ጠየቀ የሚለው አራተኛ ግስ ይቆማል፤ ስእለት የወጣው ከእርሱ ነው። ዐማርኛ ተናጋሪ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ይጠራቸዋል፤ የሚለያቸው ፊደሉ ብቻ ነው።

ተመሳሳይ ድምፅ እየሰጡ በመልክ የሚለያዩት እነዚህ ፊደላት ሞክሼ ይባላሉ፤ ሞክሼ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል ነውና አጠራሩ ተስማሚ ነው። ሊቃውንት ለያንዳንዳቸው መታወቂያ ሰጥተው ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ፥ ንጉሡ ሠ፥ እሳቱ ሰ፥ አልፋው አ፥ ዐይኑ ዐ፥ ጸሎቱ ጸ፥ ፀሐዩ ፀ ይሏቸዋል። የፊደሉ መታወቂያ ራሱ ፊደሉ ከሚገባባቸው ቃላት አንዱ ስለ ሆነ፥ ተማሪው ስሙን ሲይዝ ምሳሌውንም አብሮ ይይዛል።

በአጭር ቃል ላይ የሞክሼ ፊደል ኀይሉ ይገለጣል። ሥን በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ውበት፥ ስን በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ጥርስ ነው። አመት በአልፋው አ ገረድ ስትሆን፥ ዓመት በዐይኑ ዐ የአሥራ ሦስት ወር ዘመን ነው። ሠረቀ ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፥ ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው። መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት ነው፤ መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ ማለት ነው። እንግዲህ ምሕረትን ከመምህር የሚለየው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ቢገኙ ግን ለተማሪው መልካም ነው።

ከነዚህም ሌላ በመጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው ከአፍ የራቁ፥ ለጨዋታም ለዕውቀትም የሚሆኑ አጫጭር የግእዝ ቃላት ብዙ ናቸው። ዴዴ ደጃፍ ነው፤ ዖም ዛፍ ነው፤ ዖፍ ወፍ ነው፤ ዕፄ ትል ነው፤ ሖጻ አሸዋ ነው፤ ላሕ ልቅሶ ነው፤ ኪን ጥበብ ነው፤ ኄር ደግ ነው፤ ቍር ብርድ ነው፤ ሐም የሚስት ወይም የባል አባት ነው። በዐማርኛም ቢሆን የንጋትን ወገግታ ጎሕ፥ ስንዴን የሚያጠቃውን በሽታ ዋግ፥ ከባዱን ዝናም ዶፍ፥ የታረሰውን ዐፈር እብጠት ጓል፥ በሸማኔ ዘንድ በቁም የሚዘረጋውን ክር ድር፥ በአግድም የሚገባውን ማግ፥ የሰውን ዕድል ገድ የሚሉት ቃላት ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። እነዚህን የማያውቅ የከተማ ልጅ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ገበሬውንና ሸማኔውን ካላገኘ ቃሉን ከየት ያገኘዋል?

በሞክሼ ፊደላት ላይ ግን ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ድምፃቸው አንድ ከሆነ ልዩነታቸው የሊቃውንት ፈጠራ እንጂ እውነተኛ አይደለም የሚል አለ። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የኢትዮጵያ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ዐይን ብቻ የሚለየውን ነገር ጆሮ የሚለይበት ሀገር በጎረቤት አለና፥ ምስክሩ ከዚያ ይመጣል።

ጥቁር ዓባይ ከጣና ወጥቶ፥ የጎጃምን በረሓ ዞሮ፥ ሱዳንን ዘልቆ ካርቱም ሲደርስ፥ ከነጭ ዓባይ ጋራ ከመገናኘቱ በፊት አል-ማንሺያ በምትባለው የከተማይቱ ምሥራቃዊ ሰፈር አጠገብ ያልፋል። ከዚያችም ሰፈር ወደ ማዶ የሚያሻግር ድልድይ አለ። ማዶው «ሸርቅ አን-ኒል» ይባላል፤ የዓባይ ምሥራቅ ማለት ነው። በድልድዩ ላይ የሚያልፍ ግእዝ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁለቱን ስሞች ልብ ብሎ ቢያዳምጥ በሁለቱም ውስጥ የሀገሩን ፊደል ያገኛል።

አል-ማንሺያ የተባለው ስም የተገኘው ነሸአ ከሚለው የዐረብኛ ግስ ነው፤ ትርጕሙም ተነሣ፥ አደገ ማለት ሲሆን፥ ስሙ ዐዲስ የተመሠረተች መንደርን ያመለክታል። የዚህ ግስ ዘመድ በግእዝ ነሥአ ነው፤ ተንሥአና ትንሣኤ ከእርሱ ይወጣሉ። ዐማርኛም ተነሣን፥ መነሻን፥ እንዲሁም ተቀበል ለማለት የሚነገረውን «ንሣ» የተባለውን ባለ ሁለት ፊደል ቃል ከዚሁ አግኝቷል። ሸርቅ ደግሞ ፀሐይ ወጣ ከሚለው ከሸረቀ የተገኘ ሲሆን፥ በግእዝ ሠረቀ ይባላል፤ ምሥራቅ የሚለው ስም ከዚህ ነው። በሁለቱም ስሞች ዐረብኛው «ሽ» በሚልበት ቦታ ግእዝ ንጉሡን ሠ ጽፎ ይገኛል።

ነገሩ እንዲያው የሁለት ቃል መገጣጠም አይደለም። ዐሥር በዐረብኛ ዐሸራ ነው፤ ሆድ በግእዝ ከርሥ፥ በዐረብኛ ከርሽ ነው፤ ጠጕር በግእዝ ሥዕርት፥ በዐረብኛ ሸዕር ነው። ግእዝ እሳቱን ሰ በሚጽፍበት ጊዜ ግን ዐረቡ «ስ» ይላል፤ ጥርስ ስን፥ በዐረብኛ ሲን ነው፤ ስም ኢስም ነው፤ ጠየቀ ሰአለ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ሳል የያዘውንም ሰው ዐረቡ እንደ ግእዙ በዐይኑ ዐ ሰዐለ ይለዋል። ሰረቀም በዐረብኛ ያው ሰረቀ ነው። የካርቱም ሰው «ቀ»ን ወደ «ገ» አስጠግቶ ስለሚናገር ለፀሐይ ሸረግ፥ ለሌባ ሰረግ ይላል፤ ሁለቱን ያደባለቀ እንግዳ ፀሐይን በሌብነት ከሷት ይሥቁበታል። በዐዲስ አበባ ግን ሁለቱ በጽሕፈት ቢለያዩ እንጂ በንግግር አይለያዩም።

የጕሮሮ ፊደላትም እንደዚሁ ናቸው። ብዙኃኑ ኀ ባለበት የዐረብ ጕሮሮ «ኸ» ይላል፤ እኅት ኡኽት፥ ኄር ኸይር ነው። ሐመሩ ሐ ባለበት ዐረቡ ከጕሮሮው ውስጥ ጠበቅ አድርጎ ያወጣዋል፤ የአማት ስም ሐም በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። አልፋውና ዐይኑም አይቀላቀሉም፤ ገረድ በአልፋ አማ፥ ዓመት በዐይን ዓም ይባላል። መሀረ የሚለውም ግስ ዘመዱ ማሂር ነው፤ ትርጕሙ በሞያው የሠለጠነ ማለት ሲሆን፥ እንደ መምህር ሁሉ በሃሌታው ሀ ይነገራል። ደንቡ በቃላት ሁሉ ላይ ያለ አንዳች ጉድለት ይሠራል ማለት አይደለም፤ በቋንቋዎች መካከል የተዋሱ፥ የተለወጡም ቃላት አሉ። ነገር ግን ይህን ያህል ቃል በአንድ ሥርዐት ሲገጥም አጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ጸሐፊ በእጁ የጠበቀውን የሱዳን ተናጋሪ በምላሱ ጠብቆታል። በዐራተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዔዛና ዘመን በአክሱም በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጽሑፎች ሠን ከሰ መለየታቸው፥ ልዩነቱ በጥንት ጊዜ በኢትዮጵያም በአፍ ይነገር እንደ ነበረ ያሳያል።

የዐማርኛ ፊደል ራሱ ለካርቱም እንግዳ አልነበረም። ቻርለስ ሁበርት አርምብሩስተር የተባለው እንግሊዛዊ በሱዳን መንግሥት አገልግሎት ላይ ሳለ ዐማርኛን አጥንቶ፥ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ የሰዋስውና የቃላት መጻሕፍቱን አሳትሟል። በ1933 ዓ.ም. የነጻነት ጦርነት በሚካሄድበት ጊዜም «ባንዲራችን» የተባለው የዐማርኛ ጋዜጣ በዚያው በካርቱም ይታተም ነበር።

አጫጭሮቹን ቃላት ከነፊደላቸው በመዝገብ የማኖር ሥራ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። በሀገር ውስጥ ሰዋስው የተባሉት የብራና መጻሕፍት የግእዙን ቃል ከዐማርኛ ፍቺው ጋራ እየደረደሩ ያስተምሩ ነበር። በአውሮፓ ደግሞ የኢዮብ ሉዶልፍ የዐማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት ታተመ፤ ሉዶልፍን ያስተማሩት የዐማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ወደ ዘመናችን ሲቀርብ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ደከሙበት፤ እርሳቸውም ሲያርፉ አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን አወጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ግእዙን ከዐረብኛ፥ ከዕብራይስጥና ከሱርስት እያነጻጸሩ የጻፉ ሊቅ ነበሩና፥ የእያንዳንዱን ፊደል ቦታ አጥብቀው የጠበቁት ልዩነቱ በዘመድ ቋንቋዎች ሕያው መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

በሌላው ወገን የቆሙትም ሰዎች ለቋንቋው የማያስቡ አልነበሩም። ሐዲስ ዓለማየሁ የፊደል መሻሻል ደጋፊ ነበሩ፤ የጽሕፈት መኪናም በተሠራ ጊዜ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደልና ዲቃሎቹን በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ምን ያህል እንዳስቸገረ የታወቀ ነው። ከዚህም በቀር የብራና ጸሐፍት ራሳቸው ሞክሼዎቹን ብዙ ጊዜ እያለዋወጡ ጽፈዋል። ሕፃን ልጅ ምክንያቱ ያልተነገረውን ልዩነት በቃሉ ብቻ እንዲይዝ ማስገደድ ከባድ ሸክም ነው ማለታቸው እውነት አለው።

ደግሞም ፊደሉ የተረፈውን ያህል የጐደለው ነገር አለ። ገና ሲላላ «እስከ አሁን አልሆነም» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ዋና ሲላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍ፥ ሲጠብቅ አለቃ የሆነው ነገር ነው። ሰፊ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው፥ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። ለጋ ሲላላ ያልጠነከረ ቡቃያ፥ ሲጠብቅ ኳሱን መታ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ጆሮ ይሰማዋል፥ ፊደል ግን አያሳየውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ማድረጋቸው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነበር፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። እንግዲህ በአንድ በኩል ዐይን እያየ ጆሮ የማይሰማው፥ በሌላ በኩል ጆሮ እየሰማ ዐይን የማያየው ልዩነት አለ። ሁለቱም የሚፈተኑት በአጫጭር ቃላት ላይ ነው።

የክርክሩ መፍትሔ በአዋጅ የሚገኝ አይመስልም፤ በትምህርት ቤት ግን ብዙ ሊሠራ ይቻላል። ልጅ ልዩነትን የሚጠላው ምክንያቱ ሲሰወርበት ነው፤ በጨዋታ ሲገለጥለት ግን ይወደዋል። ለዚህም የሚያስፈልገው ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው። መምህሩ «ሳለ» ብሎ ይጽፋል፤ ተማሪዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ትርጕሞቹን ተራ በተራ ያወጣሉ፤ ትርጕም የተናገረ አንድ ነጥብ፥ የግእዙን ፊደል የተናገረ ሁለት ነጥብ፥ ቃሉን በዐረፍተ ነገር አግብቶ የተናገረ ሦስት ነጥብ ያገኛል። ትርጕሙን የማያውቀውን ቃል የጠራ ግን ምንም አያገኝም። እንዲህ ሲሆን የውጭው ጨዋታ ፉክክርና የቅኔ ቤቱ ጥያቄ በአንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። በመስቀለኛ መስመር ቃል የማገጣጠሙ ጨዋታም ለከፍተኛው ክፍል የሚስማማ ነው፤ በኛ ፊደል ሁለት ቃላት በአንድ ሳጥን ሲገናኙ የፊደሉ ዐይነት ብቻ ሳይሆን ግእዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ የሚባለው ድምፁም መግጠም ስላለበት፥ ተማሪው ሳያስበው የፊደልን ሥርዐት ያጠናል።

ከዚህ ጋራ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት የከተማይቱን ሕዝብ በተነው፤ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ ሀገራቸው ገቡ። ልጆቻቸው ያደጉት በቤት ዐማርኛ፥ በጎዳና ዐረብኛ እየሰሙ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በክፍል ውስጥ «ዐይን» ወይም «ሐምሌ» ሲል ድምፁን ከጕሮሮው ቢያወጣው ጓደኞቹ ሊሥቁበት ይችላሉ፤ ችኩል መምህርም እንደ ስሕተት ቈጥሮ ሊያርመው ይቃጣዋል። ነገር ግን ያ ልጅ ሊቃውንት በመዝገብ ጽፈው ያኖሩትን፥ የክፍል ጓደኞቹ ለመሸምደድ የሚቸገሩበትን ልዩነት በጆሮው ይዞ መጥቷል። ሠረቀንና ሰረቀን ለማስረዳት የተነሣ መምህር ከእርሱ የተሻለ ረዳት አያገኝም። «ፀሐይ ወጣች በካርቱም እንዴት ይባላል? ሌባውስ ወሰደ እንዴት ይባላል?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ልጁ በሁለት ቃል ይመልሳል፤ ክፍሉም ሁለቱ ፊደላት ለምን ሁለት እንደ ሆኑ በዚያው ይረዳል።

አጫጭር ቃላት የሚጠፉት ሰው ሲጠላቸው አይደለም፤ የሚጠይቃቸው ሲያጡ ነው። አባቶች በቅኔ ቤት በየምሽቱ እየጠየቁ ጠብቀዋቸዋል፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከአንዱ ወደ አንዱ አደራ እየተቀባበሉ ጽፈዋቸዋል፤ ጎረቤት ሕዝብም ሳያውቀው በምላሱ ሲመሰክርላቸው ኖሯል። ከእንግዲህ ጠያቂው የክፍሉ መምህር ነው፤ ጠመኔውን አንሥቶ ሁለት ፊደል ይጻፍና ትርጕሙን ይጠይቅ።